ለአክስቴ ፈቃድ የጻፍኩት ማመልከቻ

አክስቴን ከሕፃናት ክፍል ያስወጣቻት ዓረፍተ ነገር የኔ ናት። እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣታለሁ። ስጽፋት እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ግን እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ከደስታው መጀመር አለብኝ። ጥፋቱ የመጣው ከዚያው ነውና።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የአማርኛ መምህራችን የጻፍኩትን ድርሰት ለሌላ ክፍል ተማሪዎች ጭምር አነበቡት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ አላርፍ አለ። ጎረቤታችን ለቀበሌ ውሃ ይግባልኝ ብላ ስታመለክት የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ከዐረብ አገር የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ሱቅ ልትከፍት ስትል የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ውሃውም ገባ፣ ሱቁም ተከፈተ። እኔ ታዲያ ሁሉም በኔ ብዕር የሆነ መሰለኝ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ባየኝ ቁጥር፣ "ጸሐፊዋ! ለትራፊክ ፖሊሱ አንድ ማመልከቻ ጣል አድርጊልኝ እንጂ፤ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ!" ይለኛል። ቀልዱን ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስስቅ እውላለሁ።

የምንኖረው መካነ ሰላም ከተማ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር፤ እኔና አክስቴ። እናቴ ሳዑዲ የሄደችው ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ ናት። እትዬ እላታለሁ። እትዬ ነርስ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የምታየው እሷ ነበረች። ሕፃን ሲመጣላት መጀመሪያ እናትየዋን አትጠይቅም። ልብሱን ገለጥ ታደርግና ሰዓቷን እያየች ትንፋሹን ትቆጥራለች። በዚያች አንድ ደቂቃ እናትየዋም፣ ወረፋ የያዘውም ሁሉ ጸጥ ይላል። የገጠር እናቶች "ቆጣሪዋ" ነው የሚሏት። "ቆጣሪዋ አለች?" ብለው፣ የለችም ሲባሉ ልጃቸውን መልሰው አዝለው "እንግዲያ ነገ" የሚሉ ነበሩ። እሷ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች፤ የታመመ ልጅ ነገ አይባልም ትላለች። ግን ስትቆጣም ፊቷ ላይ ደስታዋን አየዋለሁ።

ነርስ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። ለማሳደስ ደግሞ ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ማቅረብ ግድ ነው። ሥልጠናው ያለው ደሴ ነው። አንዴ ስሟ ወጥቶላት ሻንጣዋን ካዘጋጀች በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ሌላ ጊዜ መንገዱ ሲከፈት፣ ክፍሉን የምትጋራት ነርስ ወልዳ ተኝታ ስለነበር "አንቺ ከሄድሽ ማን ይቀራል?" ተብላ ቀረች። በዚህ መሀል ፈቃዷ ጊዜው አለፈ።

እትዬ ግን መሥራቷን አላቆመችም። ማን ያቁማት? የጤና ጣቢያው ኃላፊ ያውቃል። ባልደረቦቿ ያውቃሉ፤ ከነሱም መሀል እንደሷ ያለፈባቸው አሉ። ሻይ ሲጠጡ "ሕገ ወጧ መጣች!" እየተባባሉ ይሳሳቁበታል። ነገሩ በአፍ ይወራል፣ ይቀለድበታል፤ በወረቀት ግን አይጻፍም። ማንም ለማንም ሳይነግር ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ፈቃዱን ያላሳደሰ ሁሉ እንዲያሳድስ፣ አለዚያ በሽተኛ ማየት እንደማይችል የሚገልጽ ማስታወቂያ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መጥቶ ተለጠፈ። እትዬ ያን ዕለት ምሳ ቀርቦላት አልነካችውም።

"ከክፍሉ ካወጡኝ ምን እሆናለሁ?" አለች። "ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝ።"

በማግስቱ ሆስፒታል ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ ነርስ ይዛኝ ሄደች። የነርሶች ማኅበር ተጠሪ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የተቆለለውን ፋይል ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣

"የማኅበሩ አባል ነሽ?" አሏት።

"ነኝ ጋሼ። ወግዲ ስሠራ ጀምሮ።"

"ስትዛወሪ አባልነትሽን አዛውረሻል?"

"እኔ ከመጣሁ እሱ የት ይቀራል ብለው ነው?"

ጋሼ ሳቁ። "አንቺማ መጣሽ። ስምሽ ግን አሁንም ወግዲ ነው ያለው። እዚህ መዝገብ ላይ የለሽም።"

እትዬ ደነገጠች። "እና አሁን የሚረዳኝ የለም ማለት ነው?"

"አብሽሪ። ለዚህ አይደል እንዴ የተቀመጥኩት?" አሉና ፎርም አወጡ። የሞላሁት እኔ ነኝ፤ በሚያምር ጽሕፈት። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ተለጠፈበት፣ እትዬ ፈረመች፤ እንደገና አባል ሆነች።

ከዚያ ጋሼ ቀስ ብለው አስረዷት። ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍላታል። ሥልጠናው ያመለጣት በሷ ጥፋት አለመሆኑን ያስረዳል፤ ጊዜ እንዲሰጣትና በሚቀጥለው ዙር እንድትገባ ይጠይቃል። የራሷም ማመልከቻ ከሱ ጋር አብሮ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ይገባል።

"አጭር ይሁን" አሉ። "ጽፈሽ አምጪልኝ። እኔ ሳላየው የትም እንዳይሄድ።"

"የምትጽፍልኝ ይቺ ናት" አለች እትዬ፣ ትከሻዬን ይዛ።

ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ማመልከቻ እንደ ቁስል ነው ልጄ። መጀመሪያ ይታያል፤ ከዚያ ነው የሚታሸገው።"

ቁስል! ገና ያላዩትን ጽሑፌን ቁስል አሉት ብዬ ቤት እስክንደርስ አኮረፍኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ነጭ ጋውኗን እያጠበች፣ እኔ ደጃፉ ላይ ወረቀት ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

"እንዲህ ብለሽ ጻፊ" አለች። "በመንገድ መዘጋትና በሰው እጥረት ምክንያት ሥልጠናው ስላመለጠኝ፣ ጊዜ ተሰጥቶኝ ፈቃዴን እንዳሳድስ እጠይቃለሁ። በቃ።"

"በቃ?"

"ሌላ ምን አለ?"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ማመልከቻ አይደለም። ሚስኮል ነው።"

በሳሙና አረፋው ረጨችኝ። "አንቺ ደግሞ! እሺ፣ እንደፈለግሽ አሳምሪው። ፊርማው ብቻ የኔ ይሁን።"

አሳመርኩታ። ሁለት ገጽ ሙሉ። የተዘጋውን መንገድ ጻፍኩ፣ ተዘጋጅቶ የቀረውን ሻንጣ ጻፍኩ፣ ወረፋው ሲንጫጫ ብቻዋን የዋለችባቸውን ቀናት ጻፍኩ። ከሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ላይ ያች ዓረፍተ ነገር መጣች። እኔ የጻፍኳት አይመስለኝም ነበር፤ ራሷ የመጣች እንጂ። "ፈቃዴ ጊዜው ካለፈበት ዕለት ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል፣ አንድም የታመመ ሕፃን ከደጄ ሳልመልስ፣ መርፌዬን ከእጄ ሳላስቀምጥ በታማኝነት አገልግያለሁ።"

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እትዬ እጇ ጋውኑ ላይ እንዳለ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ወላሂ፣ እኔ ነኝ ይቺ?"

"አንቺ ነሽ።"

"እስቲ ያችኛዋን ድገሚልኝ። መርፌዬን ያልሻትን።"

ደገምኩላት። ለእናቴም በድምፅ መልእክት ላክንላት፤ እሷም ከዚያ ማዶ ሆና "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" እያለች አለቀሰች። ያችን ዓረፍተ ነገር ሦስታችንም ሰማናት። ሦስታችንም ስታምር ሰማናት እንጂ ምን እንደምትል አልሰማንም። እትዬ ያለ ፈቃድ በሽተኛ ማከሟን፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በራሷ ስም ማመኗን ሦስታችንም አላየንም። እትዬ እጇን አደራርቃ ፈረመች።

ሰኞ ለጋሼ እንድሰጥ ላከችኝ። ስደርስ ኦፕራሲዮን ክፍል ናቸው፣ ጠብቂ ተባልኩ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ወጣት ነርስ የራሷን ማመልከቻ ይዛ ለጓደኛዋ ታሳያለች። ጋሼ አይተውላት ኖሯል። ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

"ከአንድ ገጽ ሦስት መስመር አተረፉልኝ" ትላለች እየሳቀች።

"ሦስት? ላንቺ አድልተውልሻል! የኔን ሁለት ነው ያደረጉት።"

እኔ አልሳቅሁም። ወረቀቴን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። መጀመሪያ የሚሰርዟት ያችን ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ ቀን ትክክል አስቤ አላውቅም፤ በርግጥም መጀመሪያ የሚሰርዟት እሷን ነበር። ብቻ እኔ ያንን እንደ በደል ነው የቆጠርኩት። ትንሽ ቆየሁና ተነሣሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላጣደፈኝም። በእግሬ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆምኩ።

"አባሪ የለውም?" አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ።

"የማኅበሩ ደብዳቤ በኋላ ይመጣል።"

"እና ይግባ?"

"ይግባ።"

ማኅተሟን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ፣ ጽሑፌ አናት ላይ መታችው። ድምፁ እንዴት ደስ አለኝ! መጽሐፍ ያሳተምኩ ነው የመሰለኝ።

ቤት ስገባ እትዬ፣ "ለጋሼ ሰጠሽልኝ?" አለች።

"ሰጥቻለሁ።"

"አላህ ይስጥሽ፣ የኔ እናት።"

ይህን ምርቃት ሳስታውስ እስካሁን ጆሮዬ ይግላል።

መልሱ ሳምንት ሳይሞላው ለጤና ጣቢያው መጣ። እንደሚከተለው ይላል፤ አመልካቿ በራሷ ፊርማ እንዳረጋገጠችው ፈቃዷ ካለፈበት ጊዜ ጀምሮ ሕሙማንን ስታክም የቆየች በመሆኑ፣ ጉዳዩ ተጣርቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ከሕክምና ሥራ ተነሥታ በሌላ ሥራ ትመደብ። ኃላፊው ለእትዬ ሲሰጣት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም አሉ። "ሲስተር፣ እኔ እኮ እያየሁ እንዳላየሁ ሆኜ ነበር። አሁን አንቺው በጽሑፍ አመጣሽው። ምን ላድርግ ትዪኛለሽ?"

የደብዳቤው ግልባጭ ለማኅበሩም ደርሶ ኖሮ ጋሼ አስጠሩን። እትዬ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማመልከቻዋን አይተው ያስገቡት እሳቸው መስለዋት ነበር። ወንበር ሳትስብ፣

"ጋሼ፣ ይቺን ነገር ሳያዩዋት አለፈችዎት?" አለች።

"ምኗን? እኔ ዘንድ የመጣ ማመልከቻ የለም። ስጠብቅሽ ነበር እኮ።"

 እትዬ ወደኔ ዞረች። አየችኝና መልሳ ዞረች። ጋሼ የማመልከቻዬን ቅጂ ከፋይሉ ውስጥ አውጥተው ጣታቸውን ያችው ዓረፍተ ነገር ላይ አሳረፉ።

"ይህን ማን ጻፈው? ማንስ ነው ያስገባው?"

አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ።  እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚበቃው፤ ሁለት ገጽ የጻፍኩት ልጅ ሁለት ቃል አጣሁ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለች እትዬ። "ፊርማው የኔ አይደል? ቸኩዬ ነው ያስገባሁት። አፉ ይበሉኝ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እሷን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ "እሺ። ከዚሁ እንጀምራለን" አሉ።

 ቤት ገብተን በሩን ከዘጋን በኋላ ነው ያለቀስኩት። እትዬ አባበለችኝ። ይህ ነው እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደኝ፤ እኔን ታባብል ነበር።

ካርድ ክፍል መደቧት። ሥራው ስም ጠይቆ ካርድ ፈልጎ መስጠት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ይዤላት ስሄድ በዚያች ጠባብ መስኮት አያታለሁ። አንድ ቀን ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ሴት ልጇን አዝላ መስኮቱ ጋ ደረሰች።

"ቆጣሪዋ! ምነው እዚህ ወረድሽ? ከሰው ተጣላሽ እንዴ?"

"አልተጣላሁም። የልጁን ስም ንገሪኝ።"

"ስሙን ተይው፣ ደረቱን እይልኝ። ሌሊቱን አላስተኛኝም።"

"ሁለተኛው ክፍል ግቢ፤ እዚያ ያለችው ታይልሻለች። ጎበዝ ናት።"

"አንቺ እያለሽ? እዚሁ በመስኮቱ ቁጠሪልኝ፣ ማን ያያል?"

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። እትዬም ፈገግ አለች። ካርዱን እየጻፈች ግን ዓይኗ ከወረቀቱ ተነሥቶ ልጁ ደረት ላይ አረፈ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ትቆጥር ነበር። ቆጥራ ጨረሰች፣ ካርዱን ሰጠች፣ "ወረፋ አትጠብቂ፣ ፈጥነሽ ግቢ" አለች። ሌላ ልታደርግ የምትችለው አልነበረም። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ምሳው በረደ።

ማኅበሩ አልተዋትም። ጋሼ ክፍሉን ብቻዋን የሸፈነችባቸውን የተራ ሠንጠረዦች ከጤና ጣቢያው አሰባስበው ከድጋፍ ደብዳቤው ጋር አያያዙ። የድጋፍ ደብዳቤውን ኋላ አይቼዋለሁ። ስድስት መስመር ነው። አንድም የሚያምር ነገር የለበትም፤ አንድም ቀዳዳ የለበትም። በክረምቱ መጨረሻ መንገዱ ሲከፈት እትዬ ደሴ ሄዳ ሥልጠናውን ወሰደች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ፈቃዷም ታደሰ።

እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት ስንሰናዳ ሌላ ደብዳቤ መጣ። የሕፃናት ክፍሉ እሷ ካርድ ክፍል በነበረችባቸው ወራት ለሌላ ነርስ ተሰጥቷል። ለሷ የሚሆን ባዶ ቦታ ያለው ከመካነ ሰላም ርቃ ካለችው ከደጎሎ ወጣ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ካርድ ክፍል ልትቀር ትችላለች፣ ወይም እዚያ ሄዳ ሕፃናት ልታይ ትችላለች። ለመወሰን አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። እኔ ግን የመጨረሻ ዓመቴ ስለሆነ ከትምህርት ቤቴ መነሣት አልችልም፤ ከአከራያችን ጋር እንድቀመጥ ተወሰነ።

ከመሄዷ በፊት ብቻዬን ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ቁሜ፣ ትንፋሼን ሳልስብ፣ "ያን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያስገባሁትም እኔ ነኝ። እትዬ አታውቅም ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"የአክስትሽን ጽሕፈት ወደኛ ሆስፒታል በምትልከው የበሽተኛ ወረቀት ላይ ስንት ዘመን አይቼዋለሁ፤ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ያ ያንቺ ነው። ፎርሙን ፊቴ አይደል የሞላሽው?"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?"

"ትናገሪ እንደሆን ብዬ ነዋ።" ፋይላቸውን ከፈቱ። "አምስት ወር ጠበቅሁሽ።"

ጠዋት በሚኒባስ ነው የሄደችው። ረዳቱ ሻንጣዋን ጣሪያው ላይ ጫነው። ሹፌሩ "ወረኢሉ! ደጎሎ!" እያለ ይጣራል፤ ሞተሩ ተነሥቷል። በመስኮት በኩል እጇን ያዝኩ።

"እትዬ፣ አፉ በይኝ።"

"ለየትኛው?" አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። ሕፃኑን ምኑን እንደሚያመው ስትጠይቅ የምትጠቀምበት ድምፅ ነው።

"ለሁሉም። ለደብዳቤውም፣ ሰጥቻለሁ ላልኩሽም፣ ጋሼ ዘንድ ዝም ላልኩትም።"

"ለደብዳቤውማ ያኔውኑ አፉ ብዬሻለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት።" እጄን ጨበጥ አደረገች። "ሌሎቹን እየሞከርኩ ነው፣ የኔ እናት።"

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ አብሬው ሮጥኩ፤ ከዚያ አቧራው ቀደመኝ።

አሁን እዚያ ብዙ ሕፃናት ታያለች፤ ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ስለነሱ ትነግረኛለች፣ እኔም ስለ ፈተናዬ እነግራታለሁ። በየወሩ እመጣለሁ ብላለች፤ እስካሁን አንዴ ነው የመጣችው። እየሞከርኩ ነው ያለችውን ነገር ግን ሁለታችንም አናነሣውም።